ወርቅ ወንጌሉ ወርቅ አልነበረም

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ የቤተ ክርስቲያን ሌባ ተብያለሁ። አልሰረቅሁም። ሌባ ያሉኝም የማያውቁኝ ሰዎች አይደሉም፤ ፊደል ያስቆጥሩኝ የነበሩት የኔታ ናቸው፣ በሰው ፊት፣ ጣታቸውን ቀስረው። በዚያች ጣት ምክንያት ሃያ ዓመት እስኪሞላኝ ፊደል ስሸሽ ኖርሁ። ይህን የምጽፈው ይታዘንልኝ ብዬ አይደለም። በዚያ ዘመን ልጅ የነበረ ሰው ቢያነበው ፍርሃቱን ያውቀዋል ብዬ ነው።

ሰፈራችን ጣና ዳር ነው፣ ከባሕር ዳር በእግር የግማሽ ቀን መንገድ። አቦ ቤተ ክርስቲያን ከሐይቁ ከፍ ብላ በዛፍ መካከል ትታይ ነበር፤ ክብ ናት፣ ክዳኗ ሣር። ክረምት ላይ እርጥብ ሣሩ፣ የሌሊት ወፉ ኩስና ያረጀው ብራና አንድ ላይ የሚሸቱት ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። የኔታ የደብሩ ቄሰ ገበዝም ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ሁሉ በእጃቸው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደሉን ስንጨርስ ግድግዳውን ተደግፈው ታሪክ ያወሩልናል።

«ይች ደብር ሦስት ጊዜ ሞታ ሦስት ጊዜ ተነሥታለች» ይሉ ነበር። መጀመሪያ ከጎርጎራ በታንኳ የመጣ አንድ መናኝ በዋንዛ እንጨት ሠራት፤ ከአውድማ አትበልጥም። በግራኝ ዘመን ተቃጠለች። ሰዉ ጫካ ለጫካ ኖሮ ኖሮ፣ በጎንደር ነገሥታት ጊዜ ኖራው ከእንፍራንዝ በኩል በታንኳ እየተጋዘ በድንጋይ ተሠራች። በዘመነ መሳፍንት ሁለት ሹማምንት ተጣልተው አንዱ ገብቶ ቢማጠንባት ሌላው እሳት ለቀቀባት። ግድግዳው ቀረ፣ ጣራው ወደቀ። የዓምዶቹን እግር በጥፍራችን ስንፍቀው ጥቁር ይወጣ ነበር፤ ያንኑ ጥቁር ግንባራችን ላይ እንቀባዋለን። ሦስተኛው ጣሊያን ነው፤ ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ በቅሎ አሰረበት። ሲወጣ አያቶቻችን ወለሉን ሰባት ቀን በሐይቁ ውኃ አጠቡት።

እኛም ይህን ጨዋታ አደረግነው። ግማሻችን ድንጋይ እንከምራለን፣ ግማሻችን ግራኝ ሆነን እናፈርሳለን። ግራኝ ለመሆን የማይጣላ ልጅ አልነበረም። የኔታ ግን ታሪኩን ሲጨርሱ ሁልጊዜ አንድ ቃል ጣል ያደርጋሉ፤ «አራተኛው ገና አልመጣም።» በዚያ ጊዜ ሳቁ ሁሉ ይጠፋል። ከሐይቁ የማናውቀው ጀልባ ብቅ ባለ ቁጥር ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝተን «አራተኛው ይሆን?» እንባባል ነበር።

አራተኛው ሲመጣ አላወቅሁትም፣ ይስቅ ነበርና።

ካኪ የለበሰ ወጣት ካድሬ ነው። ሰዉን ሾላው ሥር ሰብስቦ የመሬቱን አዋጅ ሲናገር ውሎ፣ ሲጨርስ ወደ እኛ ወደ ተማሪዎቹ መጣ።

«እናንተስ ምን ትማራላችሁ?»

«ፊደል፣ ዳዊት፣ የደብሩን ታሪክ» አልሁ። አፈ ፈጣን ነበርሁ። የቀረውን ሁሉ፣ ከመናኙ እስከ በቅሎው፣ ባንድ ትንፋሽ ዘረገፍሁለት።

«ጎበዝ። ይህን ሁሉ ማን ነገረህ?»

«ወርቅ ወንጌሉ ላይ አለ።»

«ወርቅ?»

«አዎ፣ ወርቅ ወንጌል።»

«ትልቅ ነው?»

«ሁለት ሰው ነው የሚያነሣው።»

በእኛ አገር ወርቅ ወንጌል የሚባለው የደብሩ ታላቅ ወንጌል ነው። በየህዳጉ የቤተ ክርስቲያኑ ታሪክ፣ ማን እንደ ሠራው፣ ማን ርስት እንደ ሰጠው ይጻፍበታል። የፍየል ብራና ነው፣ ገበታው እንጨት፣ ልባሱ ቆዳ። የቅማል እንቁላል የምታህል ወርቅ የለበትም። ካድሬው የከተማ ልጅ ነው፤ ይህን ከየት ያውቃል? የት እንደሚቀመጥ ጠየቀኝ። ዕቃ ቤት፣ ሣጥን ውስጥ አልሁት፣ ዕቃ ቤቱን የምጠርገው እኔ ነበርሁና። ራሴን ደባብሶ ከረሜላ ሰጠኝ። ልጆቹ ሁሉ ሲሰጠኝ አዩ።

በሦስተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ጠመንጃ ከያዙ ሰዎች ጋር በላንድሮቨር ተመለሰ። ዕቃ ቤቱን ሲገለብጡት ልብሰ ተክህኖው፣ ጽናው፣ ከበሮው ውጭ ተጣለ። ወንጌሉ ግን የለም። የኔታን አንዱ በሰደፍ ደረታቸውን ገፋቸውና ተቀመጡ። «ተሰርቋል» አሉ። «ማን ሰረቀው?» አላቸው የገፋቸው። ሰውዬው ጠመንጃውን አቀባበለ። በዚያ ጊዜ የኔታ ዞር ብለው ከሰው መካከል እኔን ፈለጉኝ። ዓይናቸው አገኘኝ። ጣታቸው ተነሣች።

«ከዚህ ልጅ በቀር ዕቃ ቤት የሚገባ የለም።»

የሮጥሁ መስሎኝ ቆሜ ነበር። ሱሪዬ ሲርስ ይሰማኛል። ወዲያው ላንድሮቨሩ ላይ ጣሉኝ። መኪና ስሳፈር የመጀመሪያዬ ነው፤ ከባሕር ዳር መንገድ የማስታውሰው ግን የቤንዚን ሽታና የአንዱን ሰውዬ ጫማ ብቻ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ይጠይቁኝ ጀመር።

«ወርቁን ለማን ሰጠኸው?»

«ወርቅ አይደለም ጌታዬ፣ የፍየል ቆዳ ነው።»

ሳቁ። «አስጠንተው ልከውታል» አለ አንዱ። ሌላው ጎንበስ ብሎ «የፍየሉን ትተን ያንተን ቆዳ እንግፈፈው?» አለኝ። የሚቀልድ አልመሰለኝም፣ ቀልዶም ከሆነ አላውቅም። ከጎረቤት ክፍል ሰው ሲጮህ ይሰማ ነበር። በልቤ የሠሩትንና ያፈረሱትን እየቆጠርሁ ነበር፤ መናኙ፣ ግራኝ፣ ነገሥታቱ፣ መሳፍንቱ፣ ጣሊያን። እዚህ ላይ ስደርስ አራተኛው ፊት ለፊቴ ተቀምጧል።

በማግስቱ እናቴ ይታይሽ በእግሯ መጣች። ወረቀት አቀረቡላት፣ አውራ ጣቷን ቀለም ነክረው አስፈረሟት፣ ለቀቁኝ። ወረቀቱ ምን እንደሚል ያነበበላት የለም። ልጄ ሰርቋል፣ ለማን እንደ ሰጠው አይናገርም ይል እንደ ነበር ያወቅነው ወሬው ሰፈር ሲደርስ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የኔታ መስቀላቸውን ይዘው ገዘቱ። «የወሰደ፣ የሸሸገ፣ ዓይኑ ይፍሰስ፣ እጁ ይድረቅ።» ስሜን አልጠሩም፤ መጥራት አላስፈለገም፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አለመውሰዴን አውቃለሁ፤ ግን ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ ማወቅ ምን ይጠቅመዋል? የኔታ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ ብዬ አመንሁ። ሳላውቅ ወስጄው ይሆናል እልም ነበር። ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የማደርገው ዓይኔን መዳሰስ ነው። ትምህርቱ ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ ፊደል የሰፈረበት ነገር ሳይ ፊቴን አዞራለሁ፣ የሳሙና መጠቅለያም ቢሆን። ልጆቹ «ወርቁ» የሚል ስም አወጡልኝ። «ወርቁ፣ ከረሜላው ጣፈጠ?» እያሉ ይከተሉኛል። እናቴን ከማኅበሯ አስወጧት። ሴቶቹ ውኃ ስትቀዳ ማድጋቸውን ያሸሹ ነበር፤ እሷም ውኃዋን ቀድታ ትመለሳለች።

በአሥራ አምስት ዓመቴ ባሕር ዳር ገባሁ፣ ወደብ ላይ ተሸካሚ ሆንሁ። ወደ ጎርጎራ የሚሄደውን ጀልባ እጭን ነበር። በሃያ ዓመቴ መሠረተ ትምህርት ግዴታ ነው ተብሎ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ተነዳሁ። አስተማሪዋ «ሀ በል» ስትለኝ ግራ ዓይኔን በእጄ ከደንሁት። «አሞሃል?» አለችኝ። አላመመኝም። የሚፈስ ከሆነ አንደኛው ይፍሰስ፣ ሌላው ይቅርልኝ ብዬ ነው። ይህን ለማንም አልተናገርሁም። ፊደሉን እስክጨርስ ባንድ ዓይን ተማርሁ። ምንም አልሆንሁም። በዚያ ቀን ከመደሰት ይልቅ የተናደድሁትን ንዴት አልረሳውም።

የደርግ ወታደር ባሕር ዳርን ለቆ በሄደ በሳምንቱ፣ ወርቅ ወንጌሉ ተገኘ የሚል ወሬ ሰማሁ። ለአቦ በዓል ሄድሁ። አትሮንስ ላይ ተዘርግቶ ሰው ይሳለመዋል። ተሳለምሁና አልተነሣሁም፤ ህዳጉን ማንበብ ጀመርሁ። የቀድሞውን ግእዝ በደንብ አላውቀውም፣ የኋለኛው ግን አማርኛ ነው። ጣሊያን ሲመጣ መጽሐፉን በንብ ቀፎ የሸሸገው ሰው ስም አለ። ከእሱ ሥር በየኔታ እጅ፣ በደርግ ዘመን መጽሐፉን በታንኳ ወደ ደሴት አሻግሬ ሸሸግሁት ይላል። ቀኑ ተጽፏል። ካድሬው ሾላው ሥር ከመድረሱ ሁለት ወር በፊት ነው።

የኔታ ግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል፣ አርጅተዋል።

«ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ማነህ አንተ?»

«ወርቁ ነኝ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «አንዳርጌ» አሉ በስሜ። «ታነባለህ እንዴ?»

«ዘግይቼ።»

«ልጄ፣ ሌባ ካልተገኘ ፍለጋው አይቆምም ነበር። መጽሐፉን ያወጡት ነበር። ልጅ አይገድሉም ብዬ ነው።»

«ያኔ ልጅ ይገድሉ ነበር፣ የኔታ።»

ግዝቱስ አልኋቸው። «የወሰደ፣ የሸሸገ ነው ያልሁ። የወሰድሁት እኔ፣ የሸሸግሁት እኔ። የወደቀው በራሴ ላይ ነው» አሉ።

«ይህን ለእኔ ማን ነገረኝ? ለእናቴስ?»

እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነበር። አለቀሱ። በሕዝቡ ፊት ልፍታህ አሉኝ። እምቢ አልሁ። አፍ ያለውን አፍ ይረሳዋል፣ ይጻፍልኝ አልሁ። ሊጽፉ ሞከሩ፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። «እኔ ልበል፣ አንተ ጻፈው» አሉ። የያዝሁት እስክሪብቶ ነው። ዲያቆናቱ በብራና ላይ እንዴት ተደርጎ ብለው አጉረመረሙ። «ግራኝን የቻለ ብራና እስክሪብቶ አያቅተውም» አሉና የኔታ ዝም አሰኟቸው።

ዛሬ አቦ ቆርቆሮ ለብሳለች። ዝናብ ሲዘንብ ቅዳሴው አይሰማም፤ በሣሩ ጊዜ ዝናቡ ራሱ ቀስ ብሎ ነበር የሚወርድ። ያ ሽታም የለም። የልጅ ልጆቼ እዚያ ቅጽር ውስጥ ኳስ ይራገጣሉ፣ አራተኛውን የሚጠብቅ የለም፤ እሰየው። በሞተር ጀልባ እንግዳ ይመጣል፣ አስጎብኚው ልጅ ግራኝን፣ መሳፍንቱን፣ ጣሊያኑን ይተርካል። የእኔን መስመር ይዘላታል፤ የሕፃን ጽሑፍ ትመስለዋለች። ቤተ ክርስቲያኑ ስዘልቅ ግን እኔ አልዘላትም፣ በሁለት ዓይኔ አነባታለሁ፦

በዘመነ ደርግ ይህ መጽሐፍ አልተሰረቀም። ሌባ የተባለው ሕፃን አንዳርጌ የይታይሽ ልጅ አልወሰደም፤ የሸሸግሁት እኔ ቄሰ ገበዙ ነኝ፤ በሐሰትም ከስሼዋለሁ። መጋቢት ፭ ቀን ፲፱፻፹፫ ዓ.ም.