ከአያ ተገኘ እጅ የወጣው መቀስ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ሸሽጌ ኖሬያለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ፊታችሁን ስለማላይ ነው። ፈሪ ነኝ፤ ኑዛዜዬም የፈሪ ነው።

ዳንግላ ውስጥ የሣር ክዳን በቆርቆሮ መለወጥ በጀመረበት ዘመን፣ ጓሮዬ ባለች ዳስ ኩራዝና ጣሳ እሠራ ነበር። የምቆርጠው በእጅ መቀስ ስለነበር መዳፌ ከቁስል አያርፍም። የቤት ክዳንና አሸንዳ ልሥራ ካልሁ ደግሞ ከጠረጴዛ ጋር የሚታሰር፣ እጀታው ረጅም የሆነ ትልቅ የቆርቆሮ መቀስ ያስፈልገኛል። ገበያው ዳር ባለው ሱቅ ከአስመራ የመጣ አንድ ነበር፤ ቀለሙ ያምራል። ባለሱቁ ቁራጭ ቆርቆሮ ሰጥቶ ቢያስሞክረኝ፣ ሁለቱ ስለቶች አይገጥሙምና ከመቁረጥ ይልቅ ያላምጠው ጀመር።

ስለዚህ ከከተማው ዳር ወደሚኖረው ቀጥቃጭ ወደ አያ ተገኘ ሄድሁ። ጣሊያን ጥሎት ከሄደ ካሚዮን የባሌስትራ ብረት ሁለት ስለት አወጣልኝ። ቤቴ ድረስ መጥቶም ብሎኑን እያጠበቀ፣ መልሶ እያላላ፣ ስለቶቹን ሲያገጥም ዋለ። ምሳውን በኮባ ቅጠል አድርገን ከደጅ ሰጠነው። የአገሬ ሰው ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ይበላል ይል ነበር፤ እርሱ የበላበትን ዕቃ ማን ያነሣል? ማረሻውን ግን ሁሉም ከእርሱ ይገዛል።

መቀሱ ቆርቆሮውን እንደ ጎመን ይቆርጠው ጀመር። ሰው ሲጠይቀኝ ካስመራ ያስመጣሁት ነው አልሁ። ብዙም ሳይቆይ የቤተ ክርስቲያኑን ክዳን እንድሠራ ሽማግሎቹ ተስማሙልኝ። መቀሱ የቀጥቃጭ ሥራ መሆኑን ቢያውቁ ይሰጡኝ ነበር? አይሰጡኝም። ይህን ውሸት እንኳ እግዚአብሔር ይተውልኝ ይሆናል።

በዚያው ሰሞን የጎረቤቴ የወርቄ ልጅ በንዳድ ወደቀች። አያ ተገኘ ከግቢዬ ሲወጣ ያየው ሰው ነበርና መንደሩ ተሰብስቦ መጣ። ወርቄ እያለቀሰች፣ "ያ ሰው እናንተ ዘንድ ምን ሊሠራ መጣ? እስቲ ንገረኝ፣ በልጅህ ሞት!" አለችኝ።

መቀሴን ሊገጥምልኝ፣ ቀኑን ሙሉም ከዓይኔ አልራቀም ማለት ነበረብኝ። ያን ጊዜ ግን የቤተ ክርስቲያኑ ክዳን ታየኝ።

"እኔ አልጠራሁትም" አልሁ። "አጥር ሥር ቆሞ ልጆቹን ሲያይ አግኝቼ አባረርሁት።"

እኔ ነኝ ይህን ያልሁት። ማን አስገደደኝ? 'ልጆቹን ሲያይ' የምትለውን ማን አስጨመረኝ? ሁሉም ጸጥ ብሎ ሲሰማኝ ደግሞ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ።

የአያ ተገኘን ሚስት ሸክላ ገበያ ላይ ረግጠው ሰባበሩት። ማረሻ የሚያሠራው ጠፋ። በመጨረሻም ቤቱን አቃጠሉበት፤ ወናፉን በአህያ ጭኖ፣ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ጫግኒ ወረደ። እኔ ቤተ ክርስቲያኑን ከደንሁ፤ ተመረቅሁ።

ከጊዜ በኋላ መቀሱ ዶለዶመ። ያንን ስለት መልሶ የሚያወጣ ሰው ዳንግላም ቆሰበርም ጠፋ። ስለቶቹን ፈትቼ በጆንያ ጠቀለልሁና ጫግኒ ወረድሁ። ይቅርታ ልጠይቅ የወረድሁ እንዳይመስላችሁ፤ ስለት ላስወጣ ነው።

አያ ተገኘ አላባረረኝም። ሥራውን ጨርሶ ስለቶቹን እያቀበለኝ፣ "ልጅቱስ?" አለኝ።

"ድናለች፣ አያ።"

"የዳነች እኔ ከሄድሁ ወዲያ ነው፣ ወይስ እዚያው እያለሁ?"

እዚያው እያለ ነበር። እነርሱ ጓዛቸውን ጭነው በደጃችን ሲያልፉ ልጅቱ አጥር ላይ ተንጠላጥላ ስታያቸው በዓይኔ አይቻለሁ።

"አላስታውስም" አልሁት። ጆንያዬን ተሸክሜ ወጣሁ።

አሁን አያ ተገኘ የለም፤ ጫግኒ ተቀብሯል። ይቅር በሉኝ እንዳልላችሁ የበደልሁት እናንተን አይደለም። ሰይጣን አሳተኝ አልልም፤ ዘመኑ ነውም አልልም። ወርቄ ቡዳ ነው ስትል ከልቧ አምና ነው፤ ቤቱን ያቃጠሉትም አምነው ነው። እኔ ግን አላመንሁም። ያን ቀን አጠገቡ ቆሜ ውያለሁ፤ ዓይኑ ከብረቱ ላይ አልተነሣም።