በቦርሳዬ ኡዚ ይዤ የሰጠሁት ቃል

የምጽፈው ነገር እስካለፈው እሑድ ድረስ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። አባቴ አያውቅም። የንስሐ አባቴም አያውቁም፤ ፊታቸው ቀርቤ ትንንሾቹን ኃጢአቶቼን ስዘረዝር ይህን እዘለው ነበር። አሁን ሰመራ ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ድርሰት ላይ ጥሩ ውጤት አመጣለሁ፤ ይህን ግን ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ በየረቂቁ ራሴን ትንሽ ደህና ሰው እያደረግሁ ስለምጽፍ። አንባቢዬ፣ እዚህም እንደዚያ ካደረግሁ አይመኑኝ።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው መልካ ወረር፣ ከጥጥ እርሻው ዳር ነው። አባቴ በእርሻው ጥበቃ ብዙ ዓመት ሠርቶ ዓይኑ ሲደክም ጡረታ ወጣና የራሱን ኡዚ ጠመንጃ ለእኔ ሰጠኝ። “ያንተ ናት። ጅብ ፍየሎቹን ሲደፍር ወደ ሰማይ አንድ ታሰማለህ፣ በቃ” አለኝ። ፈቃዱ በእሱ ስም ነበር፤ የምወለውላት፣ ዘይት የምቀባት፣ የእኔ ናት የምል ግን እኔ ነበርኩ።

አጭር ናት። የብረት ሰደፏ ሲታጠፍ የትምህርት ቦርሳ ውስጥ ትገባለች። ከሩቅ ሲያዩአት ከወታደር ኡዚ አትለይም፤ ነገር ግን እንደዚያኛው አንዴ ስበው ይዘው ካዝናውን አያራግፉባትም። ምላጩ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ብቻ ነው የምትተኩሰው። ይህ ለእኔ ጉድለት መሰለኝ። አንድ ጥይት ለምን አነሰኝ? በማን ላይ ልተኩስ ኖሯል? ያኔ ራሴን እንዲህ ብዬ አልጠየቅሁም።

ያሲን የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፤ ቤተሰቦቹ ከወሎ መጥተው ሱቅ የከፈቱ። አንድ ቀን ከትምህርት መልስ ከመስኖው ቦይ ማዶ ወሰድኩትና አንድ ኩይሳ ላይ ሦስት ጊዜ ተኮስኩለት። ይደነቃል ስል ሳቀብኝ።

“ይቺ ናት ኡዚ? ወላሂ የእናቴ ሽሮ ከሷ ቶሎ ቶሎ ይንተከተካል!”

“ጣት ሲፈጥን እሷም ትፈጥናለች” አልኩት።

“እስቲ ጣትህን እንየዋ፣ ጄኔራሉ!”

ምላጩን ሳብኩ። ሳብኩ፣ ሳብኩ፣ ካዝናው እስኪያልቅ ሳብኩ። አፈሙዟ በየጥይቱ ወደ ላይና ወደ ቀኝ ትሸሽ ነበር። ስትሸሽ አይቻለሁ። አላቆምኩም። ጸጥ ሲል ፕሮሶፒስ ከሚባለው እሾሃማ ቁጥቋጦ ጀርባ ግመል አጓራች።

ሄደን አየናት። አንገቷ ሥር ተመትታ ተንበርክካለች፤ ግልገሏ ጡቷን ይፈልጋል። ጉንጯ ላይ ባለው ምልክት የሁመድ መሆኗን አወቅሁ። ሁመድ ጎረቤታችን የሆኑ አፋር አባት ናቸው፤ የዚችኑ ግመል ወተት ለእኛ ቤት ያመጡልን ነበር። ያሲን “ወላሂ ለማንም አልናገርም” ብሎኝ ሮጠ፤ እስከ ዛሬም አልተናገረም። እኔ ቀለሆቹን ለቅሜ ቦዩ ውስጥ ጣልኩ። ኡዚዋን አጥፌ ከባዮሎጂ ደብተሬ አጠገብ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። እስከዚህ ድረስ ያደረግሁት የጅል ሥራ ነበር። ሮጬ ለአባቴ ብናገር ሽማግሌ ልከን፣ ክሰን፣ አፍረን እንወጣው ነበር።

በቦዩ መንገድ ሁመድ ራሳቸው፣ በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ሲመጡ አገኘኋቸው። ተኩሱን ሰምተዋል። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም፤ ቆሞ ያየውንና የሰማውን ይለዋወጣል። ዳጉ ይባላል። ሰው በዳጉ የሰማውን ይዞ ከብቱን ይነዳል፣ ጠብ ያበርዳል፣ ይፈርዳልም፤ ስለዚህ በዳጉ አይዋሽም። እኔ አፋርኛ የምናገረው እንደ አገሬው ልጅ ነው። ሁመድም እንደ አገሬው ልጅ እጄን ስመው፣ አስቆመው ጠየቁኝ። የኡዚዋ ግለት ቦርሳውን አልፎ ጀርባዬን ያቃጥለኝ ነበር።

“ተኩሱ ከወዴት ነው?”

“ከእርሻው ጥበቃ በኩል።” ግመል ጥጥ ውስጥ ሲገባ ዘበኞቹ ወደ ሰማይ ስለሚተኩሱ የሚታመን ነገር ነበር።

“ማን ተኮሰ?”

“ጋሽ ደስታ።”

“በጆሮህ ነው በዓይንህ?”

ይህ በዳጉ ሁልጊዜ ይጠየቃል። የሰማ “ሰማሁ”፣ ያየ “አየሁ” ይላል። “በጆሮዬ” ብል ነገሩ ይጣራ ነበር። “በዓይኔ” አልኩ።

ጋሽ ደስታ ምን አድርገውኝ ነበር? ምንም። ከአባቴ ጋር አብረው የሠሩ ዘበኛ ናቸው። የዚያን ዕለት ተረኛው እሳቸው መሆናቸውን አውቅ ስለነበር ብቻ ስማቸው ቀድሞ መጣልኝ። ጥይቱ አምልጦኝ ነው ብል ትንሽ እውነት አለው። ቃሉ ግን አላመለጠኝም።

ግመሏ ሞተች፤ ሽማግሌዎች ለፍርድ ከመቀመጣቸው በፊት ጋሽ ደስታ ቤታችን መጡ። ደጃፉ ላይ ቆመው፣ አባቴ እየሰማ፣ “አንተ ልጅ፣ እኔ አልቆጣህም” አሉኝ። “ፀሐዩ አሳስቶህ ይሆናል። ሌላ ሰው አይተህ እኔን መስሎህ እንደሆን ንገረኝ፤ ልጅ ይሳሳታል።”

መውጫውን በእጃቸው ከፍተው ሰጡኝ። አንድ “ምናልባት” ይበቃቸው ነበር።

“አይ ጋሼ። እርስዎን ነው ያየሁት።”

አባቴ አንገቱን ደፍቶ “ልጄ አይዋሽም፣ ደስታ” አለ።

ጋሽ ደስታ በሽማግሌዎቹ ፊት ማሉ። በዚያው ሳምንት አንድ ጊዜ ወደ ሰማይ መተኮሳቸውን ግን አልደበቁም፤ እውነቱን መናገራቸው ይባስ ጎዳቸው። ጥይቱን ከግመሏ ሥጋ ውስጥ የፈለገ የለም። የኡዚ ጥይት አጭርና ድቡልቡል ነው፤ የእሳቸው ክላሽ ጥይት ሹል ነው። አንድ ቢላዋ ነገሩን ይጨርሰው ነበር። ግን ዓይን ካየ ጥይት ለምን ይፈለጋል? ሁለት ላሞቻቸውን ነድተው ለሁመድ ሰጡ። እርሻው መሣሪያውን ተቀብሎ አሰናበታቸው። ከሚስታቸውና ከልጆቻቸው ጋር በጭነት መኪና ላይ ተጭነው ሲሄዱ በመስኮት አየሁ። ያን ጊዜ በእርግጥ በዓይኔ አየሁ።

ኡዚዋን ለአባቴ መለስኩለት። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። “ጎበዝ፣ ላንተስ መጽሐፍ ይሻልሃል” ብሎ አመሰገነኝ። ምስጋናውን ተቀበልኩ።

ባለፈው እሑድ አሁን አዋሽ የሚኖሩትን ቤተሰቦቼን ጠይቄ ወደ ሰመራ ስመለስ ሚሌ ላይ ለምሳ ቆምን። ከምግብ ቤቱ ጀርባ የቆሙ የጭነት መኪናዎችን ዱላ ይዘው የሚጠብቁ ሽማግሌ ነበሩ። እኔ ሳላውቃቸው እሳቸው አወቁኝ።

“የከበደ ልጅ! ዩኒቨርሲቲ ገባህ አሉ? አባትህ እንዴት ነው፣ ዓይኑስ?”

ጋሽ ደስታ ነበሩ። የአባቴን ዓይን ጠየቁኝ! መሬቱን እያየሁ፣ ለማሳመር ጊዜ ሳልሰጥ ተናገርኩት። “ጋሼ፣ ግመሏን የመታኋት እኔ ነኝ። እርስዎን አላየሁም። ይቅር ይበሉኝ።”

ዱላቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ።

“ለሁመድ ነገርከው?”

“ገና።”

“ታዲያ ለእኔ ምን አዲስ ነገር ነገርከኝ? እኔ እንዳልተኮስኩ ድሮም አውቃለሁ። የማያውቁት እነሱ ናቸው።”

ሾፌራችን ጥሩምባ ነፋ። “ሂድ፣ መኪናው እንዳያመልጥህ” አሉኝ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም። እኔም ደግሜ አልጠየቅሁም፤ አውቶቡሱ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ።

የዚያኑ ዕለት ጠዋት፣ ሁመድ ዛሬም ወደሚኖሩበት ወደ መልካ ወረር የሚያስገባውን መገንጠያ በመስኮት እያየሁ አልፌዋለሁ። ልጅ ነበርኩ ልል አልችልም፤ እሑድ ልጅ አልነበርኩም። ይህን ሁሉ ለእርስዎ መጻፌም እንደ ንስሐ አይቆጠርልኝ። የጻፍኩት በአማርኛ ነው። ሁመድ አማርኛ አያነቡም።