የክርስትና ስሙ

ዘመን ሲለወጥ የዲላ ሴቶች ስለት ይሳላሉ። ማንስ ይጠላል? የሚመጣው ዓመት ገና ምንም አላጠፋምና ቃል ለመግባት ይመቻል። ድፍረት የሚጠይቀው ያለፈውን ዞሮ ማየት ነው። አሰፋች ገበየሁም ስለት ከሚወዱት አንደኛዋ ነበረች፤ ጣሊያን ዲላ ከገባ ወዲህ ሁለተኛው እንቁጣጣሽ እስኪመጣ ድረስ።

አባቷ ገበየሁ ከሰሜን ዘምቶ በዚያው የቀረ ነፍጠኛ ነበር። በደመወዝ ፋንታ መሬትና ገባር ተሰጠው። ገባሩ ከጪጩ ወጣ ብሎ የሚኖር ጂግሶ የሚባል የጌዴኦ ሰው ሲሆን፣ መሬቱም ቀድሞ የራሱ የጂግሶ ነበር። ይህን በገበየሁ ቤት ማንም አያነሳውም። አሰፋች እዚያው ዲላ ተወልዳ፣ እዚያው አድጋ፣ እዚያው ተዳረች። ጥጥ ትፈትላለች፣ በገበያ ቀን ድርና ማግ ትሸጣለች፣ ሳቋ ከመንገድ ይሰማል። ባሏ ወንድይራድ ዝምተኛ ነው፤ እሷ የሁለቱንም ስለምታወራ ቤቱ ጨዋታ አልጎደለበትም።

የሺሃረግ ደግሞ አጥር የምትጋራት ጎረቤቷ ናት። እሳት ይጫጫራሉ፣ ያንዷ በርበሬ ያንዷ ነው፣ ያንዷ ለቅሶም እንደዚያው። የሺሃረግ ባሏ ሞቶባት አንድ ልጇን ገሪማን ይዛ ቀርታለች። ገሪማን ክርስትና ያነሳው ወንድይራድ ነው። ልጁ አድጎ የበቅሎ ነጋዴ ከሆነ በኋላ እንኳ ከመንገድ ሲመለስ መጀመሪያ የሚገባው አሰፋች ቤት ነበር። አሰፋች ልጅ አልወለደችም፤ በዚህ ልጅ ግን እናትነቱ አልቀረባትም።

ጣሊያን ሲገባ ወንድይራድ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ቡሌ ደጋ ወጣ። መልእክት የሚያመላልሰው ጂግሶ ሆነ። ቆጮ ተሸክሞ ይወጣል፣ ቆጮ ሸጦ እንደተመለሰ ሰው ሆኖ ይወርዳል። ነፍጠኛው ሲሳደድ ቁጭ ብሎ ማየት ይችል ነበር፤ ማንም አይፈርድበትም። ለምን እንዲህ እንደሚደክም አሰፋች አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችውም። ገባር ነዋ፣ ከገባር መታዘዝ ሌላ ምን ይጠበቃል!

በዚያ ክረምት ማለቂያ ገሪማ ለሽፍቶች ጥይት አሳልፈሃል ተብሎ ታሰረ። እንቁጣጣሹ የደረሰው በዚህ መሀል ነው። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሙሉነሽ ቤት ተሰበሰቡ። ሙሉነሽ ቤቷ ሰፊ፣ ዳቦዋ ትልቅ፣ ልቧ የዋህ የሆነች ባልቴት ናት። ጉዝጓዙ ላይ ተቀምጠው ተራ በተራ ስለት ተሳሉ። የሺሃረግ ገሪማ ከተፈታላት ለገብርኤል የሐር ጥላ አስገባለሁ አለች። የአሰፋች ተራ ደረሰ።

ስለት ሲሳሉ የቤት ስም አይጠራም፤ መልአኩ የሚያውቀው የክርስትና ስም ነው። ወንድይራድ ደግሞ ድግምት የሚፈራ ሰው ነበርና የክርስትና ስሙን አጥብቆ ይደብቃል። ከነፍስ አባቱና ከሚስቱ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ሚስቱም ብትሆን የምትጠራው በራቸውን ዘግተው ልታባብለው ስትፈልግ ብቻ ነው። ያን ቀን ግን አሰፋች ዓይኗን ጨፍና፣ እጇን ዘርግታ፣ «ባሪያህን ወልደ ገብርኤልን ለታኅሣሥ በዓልህ ዋዜማ ጪጩ ድረስ በደህና ካወረድክልኝ፣ በእጄ ፈትዬ መጋረጃ አስገባለሁ» አለች። ከባሏ ጋር የተቀጣጠሩት ለዚያ ቀን፣ በዚያ መንገድ ነበር። ለመልአኩ የነገረች መስሏታል። ሴቶቹም «አሜን» አሉ፤ የሺሃረግ «አሜን» ስትል እንባዋ ይወርድ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሴቶች አብረው ለገሪማ ምሳ ያመላልሱ ጀመር። አሰፋች ማታ ማታ ለመጋረጃው ትፈትላለች፣ የሺሃረግ ጥጡን ትዳምጥላታለች። የገብርኤል ዋዜማ ደረሰ። በማግስቱ ጠዋት ጂግሶ ብቻውን መጥቶ ግቢዋ ቆመ።

«እሜቴ፣ ሰዎች ያዘው» አለ። «እኔ ፊት ነበር፣ እሱ ኋላ። ከእንሰት ውስጥ በስም ጠራው። ወልደ ገብርኤል አለው። እኔ ይሄ ስም አላውቅም፣ ሌላ ሰው መሰለኝ። ከዚያ እሱ…»

አሰፋች አላስጨረሰችውም። «አንተ እንዴት አለፍክ?» አለችው።

«እኔ ተወኝ፣ እሜቴ።»

ከዚህ በኋላ የሚሰማ ጆሮ አልነበራትም። የሺሃረግ ከኋላ ደግፋ ይዛት፣ «ገባር አይደል! በአባትሽ የያዘውን ቂም ተወጣ» አለቻት። አሰፋች ድንጋይ አንስታ ወረወረችበት። ሰውየው አልሮጠም፤ ትከሻውን ሲመታው ዞሮ አያትና ቀስ ብሎ ወጣ።

በዚያው ቀን፣ በገብርኤል፣ ገሪማ ተፈታ። ክስቶ፣ ጢሙ አድጎ በአጥሩ በኩል ሲገባ ከሁሉ ቀድማ እልል ያለችው አሰፋች ናት። በአንድ ዓይኗ እያለቀሰች አንዱ እንኳ ይትረፍልን ብላ እልል አለች። ድምጿ እስኪዘጋ ድረስ።

ወንድይራድን ልትጠይቅ ብትሄድ ዘበኞቹ መለሷት። የገና በዓል ሳይደርስ ገበያው መሀል ሰቀሉት። ያን ቀን ሕዝቡን ጥሳ እስከ ፊት ወጥታ ነበር። «ወንድዬ!» ብላ ተጣራች። ደግማ ተጣራች። ፊቱን አላዞረም። ጫጫታ ነው፣ አልሰማኝም ብላ ራሷን አጽናናች፤ እውነትም ጫጫታ ነበር።

ቀሪው ዓመት ጂግሶን በመርገም አለፈ። በገበያ ቆጮውን የገዛ የከተማ ሰው ሁሉ ከአሰፋች ጋር ይጣላል፤ እሱም መምጣቱን ተወ። ወንድይራድን የሸጠ ማን ይሆን ብላ ስታስብ የሺሃረግ ትዝም አላለቻትም። ሰው ሲጠረጥር ራሱን አይቆጥርም፣ የሺሃረግ ደግሞ ለአሰፋች ራሷ ነበረች። በሐምሌ ገብርኤል የሺሃረግ ስለቷን አስገባች። ጥላው ቀይ ሐር፣ ዘርፉ ወርቅማ፣ ያየው ሁሉ ያደነቀው ነው። በዚያው ቀን ለወልደ ገብርኤል ፍትሐት አስፈታችለት። ካህኑ ስሙን ሲጠራ አሰፋች የየሺሃረግን እጅ ስባ ሳመችው።

እንግዲህ ሁለተኛው እንቁጣጣሽ ሲመጣ አሰፋች ሙሉነሽ ቤት የተቀመጠችው እንዲህ ያለ ዓመት ይዛ ነው። ጉዝጓዙ ያው ነው፣ ዳቦውም ያው። ስለቱ ዞሮ እሷ ዘንድ ደረሰ።

«እኔ ዘንድሮ ስለት የለኝም» አለች።

«ምነው አሰፉ፣ በዓመት በዓል?» አለች ሙሉነሽ።

«አምና የተሳልኩትን አይታችኋል። የመጋረጃው ክር ቅርጫት ውስጥ ተቀምጧል። ዛሬስ ምንም ቃል ሳልገባ ይህን ያለፈ ዓመት ላውራው። ቤቴ ሆኜ ብቻዬን ሳወራው ሊያሳብደኝ ነው፤ ከሰው ፊት ባወራው ይቀለኝ ይሆናል።»

ማንም አልከለከላትም። ከመስከረም ጀመረች። የክሩን፣ የምሳውን፣ ኅዳር ላይ የጣለውን ዝናብ፣ ገሪማ በእስር ቤቱ አጥር ቀዳዳ ያሳያቸውን የተላጨ ራስ ሁሉ አወራች። አወራሯ እንደ ድሮው ሆነ፤ ሴቶቹም አልፎ አልፎ ሳቁ። የሺሃረግም ሳቀች። ታኅሣሥ ላይ ስትደርስ ጂግሶን በደንብ ልትሰድበው ተደላድላ ተቀመጠች፣ አማርኛውንም እንደ እሱ አድርጋ ማውራት ጀመረች።

«‹እሜቴ፣ እኔ ፊት ነበር፣ እሱ ኋላ። በስም ጠራው። ወልደ ገብርኤል አለው። እኔ ይሄ ስም…›»

እዚህ ላይ አፏ ቆመ። ሙሉነሽ ገና እየሳቀች ነበር።

«‹እኔ ይሄ ስም አላውቅም›» አለች አሰፋች፣ አሁን በራሷ ድምፅ። ሁለተኛ ጊዜ አለችው። ከዚያ ቤቱን ዞራ አየች፤ ሙሉነሽን፣ በር አጠገብ ያሉትን ሁለት ጎረቤቶች፣ ጎኗ የተቀመጠችውን የሺሃረግን። «ጂግሶ ስሙን አያውቀውም። ያን ስም የጠራሁት እዚህ ቤት ነው። አምና በዛሬው ቀን፣ እዚህ ጉዝጓዝ ላይ።»

«አሁን ይሄ ምን ያደርጋል?» አለች የሺሃረግ። «በዓመት በዓል የሞተ ሰው…»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ባሌ በተያዘ ማግስት ምን ሆነ? በማግስቱ ገሪማ ተፈታ። ጥይት አሳልፏል የተባለ ልጅ ሳይከሰስ፣ ሳይፈረድበት፣ ባዶ እጁን ተፈታ። እኛ ገብርኤል ነው አልን።» ድምጿ አልጨመረም፤ እንዲያውም ዝቅ አለ። «የሺ፣ ገብርኤል ነው?»

የሺሃረግ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችው። ከዚያ መልሳ ተወችው። «አንድ ነው ያለኝ» አለች። «ሊሰቅሉት ነበር፣ አሰፉ። ሹሙ ፊት ወስደው ልጅሽን ከፈለግሽ ሰው አምጪ አሉኝ። እናት ነኝ። እኔን ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

«እነግርሽ ነበር። ዋዜማው ሳይደርስ እነግርሽ ነበር። ከዚያ አብረን እንሞት ወይ አብረን እናለቅስ ነበር።» አሰፋች ከየሺሃረግ ጎን ፈቀቅ አለች። «በስሙ ልጅሽን አስፈታሽበት፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ በስሙ ፍትሐት አስፈታሽለት። እኔም እጅሽን ሳምኩሽ። እልል አስባልሽኝ፣ የሺ። ባሌ ሲያዝ እልል አስባልሽኝ።»

ሙሉነሽ ዳቦው ላይ ያሳረፈችውን ቢላ አንስታ የት እንደምታደርገው አጣች። በዚህ መሀል ገሪማ አደይ አበባ ይዞ ገባ። በየቤቱ እየዞረ እንኳን አደረሳችሁ ሲል ውሎ ነበር፤ ምንም አልሰማም፣ ምንም አያውቅም። እንደ ልማዱ ከእናቱ በፊት አሰፋች ዘንድ ሄዶ ጉልበቷን ሳመ።

«እንኳን አደረሰሽ፣ እትዬ።»

አሰፋች ራሱን በሁለት እጇ ያዘችው። ጸጉሩ አድጎለታል። ይህን ራስ ስንት ጊዜ ቅቤ ቀብታዋለች። ልትጠላው ሞከረች፣ አልሆነላትም፤ ይህም አናደዳት።

«እንኳን አደረሰህ» አለችው።

«አብሮ» አላለችም። እንኳን አብሮ አደረሰን የሚለው መልስ ከልጅነቷ ጀምሮ ሳታስበው ከአፏ የሚወጣ ነው፤ ያን ቀን ግን አልወጣም። ገሪማ ልብ አላለም። የሺሃረግ ግን ቃሉን ጠብቃ ጠብቃ ስታጣው አንገቷን ደፋች። አሰፋች አበባውን ከልጁ ተቀብላ ጉዝጓዙ ላይ አስቀመጠችና ወጣች።

በማግስቱ ወደ ጪጩ ሄደች። ጂግሶ አጥሩን ሲጠግን አገኘችው። አይቷት ሥራውን አላቆመም፤ ሚስቱ ከእንሰቱ ስር ብቅ ብላ አየቻትና ተመልሳ ገባች። አሰፋች በሩ ላይ ቆመች። በአባቷ ጊዜ ይህ ሰው እንዲህ በራቸው ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ታስታውሳለች፤ ግባ ብላው አታውቅም፣ እሱም አሁን ግቢ አላላትም።

«በድዬሃለሁ» አለችው። «ያን ቀን ያቋረጥኩህን ጨርስልኝ።»

ጂግሶ የያዘውን እንጨት መሬት ላይ አኖረ። «ያ ስም የማን ነው፣ እሜቴ?»

«የሱ ነው። የክርስትና ስሙ ነው። እኔ ብቻ ነበርኩ የምጠራው።»

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። አንድ ነገር የገባው ይመስላል፤ ግን የገባው ነገር ደስ አላሰኘውም። «እንግዲህ ተይው» አለ።

«ንገረኝ።»

«ሲጠራው እኔ ፈራሁ። እንሩጥ አልኩት። እሱ አልፈራም፣ ሳቀ። ‹አትፍራ፣ ይሄን ስም የምታውቅ ሚስቴ ብቻ ናት፣ እሷ የላከችው ሰው ነው› አለኝ። ‹አቤት› ብሎ ወደ እነሱ ሄደ።»

«ሲይዙትስ?»

ጂግሶ እንጨቱን መልሶ አነሳ። «ሲይዘው አልታገለም» አለ። «‹አሰፋች› አለ፣ አንድ ጊዜ። ሌላ አልተናገረም።»

አሰፋች በሩን ይዛ ቆመች። ገበያው መሀል ሁለት ጊዜ ስትጣራ ባሏ ለምን ፊቱን እንዳላዞረ ያን ጊዜ ገባት። ሰምቷት ነበር።