የሽማግሌው ቀጠሮ

ማስረጃ የሌለው ክስ አልመሠርትም ብዬ መዝገብ የመለስኩ ዕለት፣ ጎባ ከሚገኘው የአቃቤ ሕግ ቢሮዬ ወታደሮች ወሰዱኝ። ኮቴን እንኳ እንድለብስ አልፈቀዱልኝም። ያስገቡኝ የድሮ እህል መጋዘን ውስጥ ነው፤ ገብስ ገብስ ይሸታል፣ በቆርቆሮው ስንጥቅ የሳነቴ ተራራ ብርድ ይገባል።

«ወይ ጉድ! አቃቤ ሕጉም መጡ!» አለ ከጥጉ አንድ ሰው። ሮቤ ሱቅ የነበረው የስልጤ ነጋዴ ነው፤ እስረኛው የክፍሉ ኃላፊ አድርጎ መርጦታል። «እዚህ ደግሞ ማንን ሊከሱ ነው? ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ!»

ሰዉ ሳቀ። እኔ ተናደድኩ።

ያልሳቁት አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ፤ ሃረና ጫካ ውስጥ ቀፎ ዛፍ ላይ የሚሰቅሉ ንብ አናቢ። ከኦሮምኛ በቀር አማርኛ አይሰሙም። ከቀናት በኋላ አጠገቤ ተቀምጠው «ኢልመ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ሥራህ መክሰስ ነው አሉ። እስቲ እኔን ክሰሰኝ።»

«ምን ብዬ፣ አባባ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ሁለት ክረምት ታሰርኩ፤ ጥፋትህ ይህ ነው ያለኝ የለም። ሳልከሰስ ምን ብዬ ልመልስ? ቃሌን ሳልሰጥ እንዳልሞት ፈራሁ።»

ፍርሃታቸው እውነት ነበር። ንጋት ላይ «ከነዕቃህ ውጣ» የተባለ አይመለስም።

እናም ችሎት አቆምን። ነጋዴው ብርድ ልብሱን እንደ ካባ ደርቦ ዳኛ ሆነ። እኔ ሸሚዜን ቆልፌ ተነሣሁና የሃረና ሰው ሁሉ የሚጠረጠርበትን ክስ በኦሮምኛ አሰማሁ፦ ሽፍቶችን አብልተዋል።

«አብልቻለሁ» አሉ።

«ማን እንደሆኑ ጠይቀዋል?»

«የራበውን እንግዳ ሳይበላ ማን ነህ ይሉታል? ነውር አይደለም እንዴ! ማርና ወተት ሰጠኋቸው፤ መርቀውኝ ሄዱ። በማግስቱ ወታደሮች መጡ። እነሱም ርቧቸው ነበር፤ ሰጠኋቸው። እነሱንም ማን ናችሁ አላልኩም። በልተው ሲጨርሱ አሰሩኝ።»

እሳቸው እስኪጨልም ተናገሩ፤ ስለ ቀፎዎቻቸው፣ ስለ ሚስታቸው። ማንም አላቋረጣቸውም። «የምጨምረው የለኝም» ብዬ ተቀመጥኩ።

ነጋዴው ጉሮሮውን ጠርጎ «መዝገቡን መርምረን ፍርድ ለመስጠት ለነገ ተቀጥሯል!» አለ። የፍርድ ቤት ቀጠሮ ያላንገላታው ማን አለ? ያን ዕለት እኔም ሳቅኩ። ለሽማግሌው ስተረጉምላቸው ፊታቸው በራ። «ቀጠሮ አለኝ» እያሉ ተኙ። እውነታቸውን ነው፤ ከመሃላችን ቀጠሮ ያላቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ሊነጋጋ ሲል በሩ ተከፈተ። ስማቸው ተጠራ። «ከነዕቃህ ውጣ!»

ዕቃቸው አንዲት አሮጌ ጋቢ ናት። በሩ ላይ ሲደርሱ ወደ ነጋዴው ዞረው «ቀጠሮዬስ?» አሉት።

ነጋዴው ብድግ አለ። ፍርድ ሲነበብ መቆም ደንብ ነውና ሁላችንም ተነሣን፤ መቆም ያቃተውን በሽተኛ ሰዎች በብብቱ ይዘው አቆሙት። «ችሎቱ...» አለ ነጋዴው በአማርኛ፤ ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ ሳበ። «ችሎቱ ጥፋት አላገኘባቸውም...»

ጠባቂው በሰደፍ መታውና ሽማግሌውን ገፍትሮ አውጥቶ በሩን ዘጋው። በራሳቸው ቋንቋ አልሰሙትም! በሩን እየደበደብኩ «ቢሊሳ! ቢሊሳ!» ብዬ ጮህኩ፤ ነፃ ነዎት። ሰምተው ይሁን አይሁን አላውቅም። ቅስሜ የተሰበረው ያኔ ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልተጠገነም።

ስፈታ ወደ አቃቤ ሕግነት አልተመለስኩም። አሁን ባሕር ማዶ፣ ከየአገሩ ለሚመጡ ተማሪዎች ሕግ አስተምራለሁ። ማስተማር የት እንደጀመርኩ ሲጠይቁኝ «እህል መጋዘን ውስጥ» እላለሁ፤ ቀልድ ይመስላቸዋል።

ምስለ ችሎት ስናካሂድ አንዳንዴ ይመሻል። ዳኛ የሆነው ተማሪ ሰዓቱን አይቶ «ፍርዱን ለነገ እንቅጠረው?» ይላል። አልፈቅድም። ግትር ሽማግሌ ይሉኛል አሉ፤ ይበሉኝ። ተከሳሽ የሆነው ልጅ ፍርዱን በጆሮው እስኪሰማ ድረስ በሩ ላይ እቆማለሁ።