በማኅደሩ ጀርባ የጻፍኩት የውኃ ተራ

ጡረታ ወጥቼ ቁጭ ባልኩበት፣ የመርሳው መሬት ጽሕፈት ቤት አስጠራኝ። የሀብሩ ወረዳ የመሬት ማኅደር ሁሉ ፎቶ ተነሥቶ ወልድያ ሰርቨር ውስጥ ገብቷል፤ ዕድሜዬን የፈጀሁበት መዝገብ ቤት ባዶ መደርደሪያ ሆኗል። እኔ ሞኙ፣ ሊሸልሙኝ መስሎኝ ኮቴን አስተኩሼ ሄድኩ።

የጠበቁኝ አንዲት ወጣት የኮምፒውተር ባለሙያና የመሬት ደብተሯን በፌስታል የጠቀለለች ገበሬ ናቸው።

"መሬቴ ጠፋ" አለች ገበሬዋ። "ደብተሩ ይኸው እጄ ላይ፤ ማሽኑ ግን አላውቅሽም አለኝ።"

በቀበሌዋ በራሷም፣ በአባቷም፣ በአያቷም ስም የምትገጥማት ሌላ ሴት አለች። የማኅደር ቁጥራቸውም አንድ ነው። ኮምፒውተሩ አንድ ሰው ሁለቴ የተመዘገበ መስሎት እሷን ከዝርዝሩ ሰርዟታል። የመስኖ ድልድሉ ደግሞ በዚያው ሳምንት ከዝርዝሩ ላይ ሊሠራ ነው፤ ስሟ ከሌለ ሽንኩርቷ ውኃ አያገኝም።

"አባባ፣ ለሁለት ሰው አንድ ቁጥር የሰጠው ማነው?" አለች ባለሙያዋ።

"አንድ ሰነፍ ነው" አልኳት። "አሁን ኮት ለብሶ ፊትሽ ቆሟል።"

ገበሬዋ ገላመጠችኝ። ቁጥር ድሮም ጠላቴ ነው፤ ሰዉን የምለየው በውኃ ተራው ነበር። ስሙ ከሰው ቢገጥምም፣ ቦይ የሚከፍትበት ሰዓት አይገጥምም። ይህንንም በማኅደሩ ጀርባ በእርሳስ እጽፍ ነበር፤ አለቃ እንዳያይብኝ።

"ጀርባውንስ አንሥታችኋል?" አልኩ።

"ሰርቨሩ ቦታ መች አነሰው? ባዶውንም ሳይቀር አንሥተናል። ከዝርዝር ቢሰረዝም ፎቶው አይጠፋም።"

ሁለቱን ማኅደሮች ጎን ለጎን ከፈተቻቸው። በአንዱ ጀርባ ዶሮ የጫረው የሚመስል ጽሕፈቴ ብቅ አለ፦ የንጋት ውኃ። በሌላው፦ የማታ ውኃ።

"እናቴ፣ ተራሽ መቼ ነው?" አለች ባለሙያዋ።

"ጎህ ሲቀድ ነዋ! ወላሂ፣ ከእኔ ቀድሞ ቦይ የረገጠ የለም!"

የንጋቱን ማኅደር ብትገልጠው የገበሬዋ ማሳ፣ ከነአዋሳኙ። ባለሙያዋ አዲስ ቁጥር ሰጠቻትና ስሟ ዝርዝሩ ውስጥ ተመልሶ ቁጭ አለ። ገበሬዋ እልልታዋን ስትለቀው የጎረቤት ቢሮ ሰዎች ሠርግ መስሏቸው በሩን ሞሉት።

ባለሙያዋ "የውኃ ተራ" የሚል አዲስ ዓምድ በዝርዝሩ ላይ ከፈተች፤ ለሀብሩ ገበሬ ሁሉ። አለቃ ያላየው እርሳሴ እንዲህ አድርጎ ወልድያ ገባ!

"እንኳንም ሰነፉ፣ አባባ!" አለችኝ ገበሬዋ እጄን ስማ። "በሉ ልሂድ፣ ነገ በንጋት ውኃ አለብኝ።"