የአዳራሹ ግማሽ

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ላይ ቢቸና ኬሚስትሪ እንዳስተምር ተመደብኩ። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ ጎጃምን አላውቀውም ነበር። ትምህርት ቤቱ አንድ የቀድሞ አገረ ገዥ ያሠሩትን የድንጋይ አዳራሽ ወርሶ ነበር። ዲሬክተሩ ቤተ ሙከራ አድርገው ሲሉኝ፣ እዚያው አማርኛና ግዕዝ የሚያስተምሩት መሪጌታ እንቢ አሉ።

ቅኔ ቤት ያደጉ ሽማግሌ ናቸው። ወንበራቸውን በሩ ላይ አድርገው አናጢዎቹን አላስገባም አሉ። ዲሬክተሩ ሲቸግራቸው አዳራሹን መሀል ለመሀል በጣውላ ከፍለው ግማሹን ለእኔ፣ ግማሹን ለመሪጌታ ሰጡ።

እኔ የምፈልገው ሙሉውን ነበር። መስኮት ለማስፋት ግንቡን ሳስፈርስ ሆን ብዬ የእሳቸውን ክፍለ ጊዜ መረጥኩ። ወለሉ ሲሚንቶ ሆነ፣ ረጃጅም ጠረጴዛዎች ገቡ፣ ከበርሜል ውሃ የሚያወርድ ቧንቧ ተዘረጋ። አንድ ጠዋት መሪጌታ ቧንቧው ወደ ክፍላቸው እንደሚያፈስ ነገሩኝ።

«ታዲያ ለምን አትለቅልኝም?» አልኳቸው።

አንቱታውን የተውኩት ያን ቀን ነው። ፊታቸው ጠቆረ።

ከዚያ የባሰ አደረግኩ። እሳቸው ቅኔ እየዘረፉ ሳሉ፣ ተራው ያልሆነ ሙከራ አነሣሁና የብረት ብናኝና ድኝ አግዬ አሲድ ጨመርኩበት። የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ በጣውላው ስንጥቅ አለፈ። ተማሪዎቻቸው እያሳሉ ወጡ። እሳቸው በመጨረሻ፣ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው መጡና በክፍሌ በር ላይ ቆሙ።

«ተማሪዎቹስ ተምረዋል፤ አስተማሪውን ይማረው» አሉ በዝግታ።

ለበሽተኛ እንደሚባለው። የእሳቸውም የእኔም ተማሪዎች ሳቁ። እኔ ግን ያን ሳቅ መርሳት አቃተኝ። ተማሪዎችን በሳይንስ ላይ ያነሣሣሉ ብዬ የክስ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሐሰት መሆኑን አውቄዋለሁ። ዓመቱ ሳያልቅ ወደ ሞጣ አዛወሯቸው።

ጣውላው ተነሣ፤ አዳራሹ ሙሉ በሙሉ የእኔ ሆነ። ተማሪዎቹ የጠየቅኳቸውን ይመልሳሉ፤ ከዚያ ያለፈ ቃል አይወጣቸውም። ሙከራ ላሳይ ስጠራቸው ከግድግዳው ተለጥፈው ይቆማሉ።

በማግሥቱ ዓመት ለፈተና ቁጥጥር ሞጣ ተላክሁ። መሪጌታ ከሌላ አስተማሪ ጋር በግቢው በር ሲገቡ አገኘኋቸው። ባርኔጣዬን አውልቄ፣ «እንደምን አደሩ መሪጌታ?» አልኳቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ከዚያ ወደ ባልደረባቸው ዞር ብለው ይህ ሰው ማነው ብለው ጠየቁ።

ማንነቴን አላጡትም። ይቅርታ ልጠይቃቸው ነበር የቆምኩት። ትቼው ወደ ፈተናው ክፍል ገባሁ።