ጠበል የፈሰሰበት ሃርድ ዲስክ

አንድ ረጅም የጃፓን አኒሜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በኤችዲ ለማጠራቀም አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። ክፍሉ ከአምስት መቶ በላይ ነው። ደብረ ማርቆስ ያሉ ፊልም ጫኞች ሁሉም ነበራቸው፤ ግን የሚጭኑልህ አፍና አፍንጫ የማይለይበት ጭጋግ ነው። “ታሪኩ ያው አይደል እንዴ?” ይሉኛል። ያው አይደለም። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ፤ አንዷ ክፍል ከደበዘዘች አጥፍቼ ሌላ ፍለጋ እግሬ እስኪቀጥን እዞራለሁ። ጥቂቱን ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ጥቂቱን ቁይ ከተማ ካለ ባለሱቅ፣ እንዲህ እየለቃቀምኩ አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ አከማቸሁት።

አባቴ ካረፈ ወዲህ ቤት ውስጥ ያለነው እናቴና እኔ ብቻ ነን። ከሥራ ስገባ እራቴን በላልቼ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ እሰካና ኮምፒውተሩ ላይ እተከላለሁ። እሷ ታወራኛለች፤ እኔ “እ?” እላለሁ። አንድ ቀን ለጎረቤታችን “ልጄን እኮ ይሄ ሳጥን ወሰደብኝ” ስትል ሰምቼ ሳቅሁ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

በመጨረሻ የጎደሉኝ አሥራ አንድ ክፍሎች ብቻ ሆኑ። አምበር ከተማ የሚያስተምር አንድ መምህር በጥሩ ጥራት አሉኝ ሲለኝ ፍላሼን ይዤ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጊዜው ጳጉሜን ነበር። በጳጉሜን የንስሐ አባታችን መጥተው ጸሎት ያደርሱና ቤቱን ጠበል ይረጩልናል። ሁልጊዜ ዕቃዬን በላስቲክ የምሸፍነው እኔ ነኝ፤ ያን ዕለት ግን ከነጭራሹ ረሳሁት።

አመሻሽ ላይ ተመልሼ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ ሃርድ ዲስኩን ሰካሁት። ቀጭ ቀጭ አለና ዝም አለ። ገልበጥ ሳደርገው ከጎኑ ውሃ ጠብ አለ።

“እማ፣ ይሄን ምን ነካው?”

“ጠበል ነው” አለች እናቴ ሽንኩርቷን እየከተፈች። “‘ይህቺን ሳጥን ደህና አድርገው ይርጩልኝ’ ብላቸው፣ አባታችን እንዳይበላሽ ብለው እንቢ አሉኝ። ጣሳውን ተቀብዬ እኔው አፈሰስኩበት።”

“አብደሻል እንዴ?” አልኳት። እናቴን እንዲህ ብያት አላውቅም ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። “ሰይጣን መሰለሽ?”

ቢላዋዋን አስቀመጠች።

“ምን እንደሆነማ በምን ልወቅ? አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ‘ነይ እይ’ ብለኸኝ ታውቃለህ?”

ብያት አላውቅም። ጭራሽ አስቤውም አላውቅም።

ከአምበር ያመጣኋቸው አሥራ አንዱ ፍላሹ ላይ ነበሩ። ከታሪኩ መሀል የተቆረጡ ናቸው፤ ጤነኛ ሰው ከዚያ አይጀምርም። ቢሆንም ወንበር ሳብኩላትና ከፈትኩት። “ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው?” አለች። ነገርኳት። “ለምን ይደበድበዋል?” አለች። ይህንንም ነገርኳት፤ ለማስረዳት ከመቶ ክፍል በፊት ወደ ነበረው ነገር መመለስ ነበረብኝ። ብዙ አወራሁ። አንድ ቦታ ላይ ተከትላኝ እንደሆነ ለማየት ዞር አልኩ። ስክሪኑን አልነበረም የምታየው፤ እኔን ነበር።